የሰው ቤት ስትሸጥ የኖረችው ቤታችን

ባለፈው ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አንድ ዱላ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። ቀና ስል አው ዩሱፍ ነው፤ «አው» እኛ ጋ እንደ «ጋሼ» ነው። ድሮ የቤት ደላላ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የግመል። ጥርሱ አልቋል። ሽርጡን ግን እንደ ድሮው ከእምብርቱ በላይ ጠበቅ አድርጎ አስሯል፣ ጢሙንም ሂና ተቀብቷል። እኔ ሞቷል ብዬ ነበር የማስበው።

«የበቀለ ባቡሩ ልጅ አይደለሽም?» አለኝ።

«ነኝ አው ዩሱፍ። እንዴት ነህ?» ድሬ ላይ ሽማግሌውንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ንቀት አይደለም፣ የቤት ሰው ነህ ማለት ነው።

«አልሐምዱሊላህ። ያ ሳቢያን ያለው ቤትሽን በልጅ ልጄ ስልክ ላይ አየሁት። ከሮመዳን በፊትም አይቼው ነበር። አሁንም አልተሸጠም?»

የያዝኩትን ሽንኩርት መልሼ ክምሩ ላይ ጣልኩት። ሰውየው ክፉ ነገር አልተናገረም። ግን ይህን «አሁንም አልተሸጠም?» የሚባል ጥያቄ በወጣትነቴ ሁለት በጋ ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ በሱቅ በር፣ በውሃ ቧንቧ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። እናቴን ምን እንዳደረጋትም አውቃለሁ። አሁን በስተርጅና ተመልሶ በእኔ ቤት ላይ መጣ።

ያን ጊዜ ልጄ ዮናስ ገና ጡት አልጣለም ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሰው ሁሉ ምን ይመጣ ይሆን የሚልበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሹፌር ስለነበረ አብዛኛውን ጊዜ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፣ እኔ እናቴ ጋ እኖር ነበር፣ ገንደ ቆሬ፣ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ፣ አባቴ በባቡር ደመወዙ በሠራት ሦስት ክፍል ቤት። ድሬ ያኔ ድሬ ነበረች። ጋሪ በስሙኒ ከቀፊራ ለገሃሬ ያደርሳል። ገንዘብ ያለው ደግሞ በአሮጌዋ ፔጆ ታክሲ ይሄዳል፤ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፣ ሹፌሩ ወርዶ ሲከፍትልህ እንደ ባለሥልጣን ትወርዳለህ። ሳንቡሳ እዚያው ሲጠበስ ትኩሱን በስሙኒ ነው። የጅቡቲ ባቡር የገባ ዕለት ሽቶው፣ ሳሙናው፣ ቮይል ጨርቁ ከተማውን ያጥለቀልቀዋል፤ እኛ ሴቶች አበባ አበባ ያለበትን ስስ ድሪዕ ለብሰን ከቀኑ ሙቀት በኋላ በር በር ላይ እንቀመጣለን። ከማዕዘኑ ሱቅ ካሴት ይከፈታል፣ አንዴ ሶማልኛ፣ አንዴ ኦሮምኛ፣ አንዴ አማርኛ፤ ትርጉሙን ያወቀውም ያላወቀውም አብሮ ያንጎራጉራል። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ስልክ የሚጠግን ነው የተቀመጠው፣ ሰውም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲጎረጉር ይውላል።

እናቴ አስም ነበረባት። ቆላው እየገደላት ነው፣ ደጋ ውሰዷት ብሎ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። አክስቴ አስካለ ሐረር ነበረች፤ ቤቷ አጠገብ ሮማን ዛፍ ያለበት ሁለት ክፍል ቤት አገኘችላት፣ ባለቤቱም እጠብቃችኋለሁ አለ። እናቴ ያንን ቤት አንዴ ሄዳ አይታ ስትመለስ፣ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ተደግፋ እያሳለች ስለ ነፋሱ ታወራ ነበር። «እዚያ ሰው ሲተነፍስ አይሰማም» ትላለች። የሐረሩ ቤት የሚገዛው ግን የድሬው ቤት ሲሸጥ ነው። ሌላ ገንዘብ አልነበረንም።

አው ዩሱፍን የጠራነው ያኔ ነው። የእሱ አሠራር ለግመል የሚሠራበት ነበር፤ ቤትም በዚያው ያሻሽጣል። ገዢው ሲመጣ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ የራሱንና የገዢውን እጅ ይሸፍንበታል። ከፎጣው ሥር እጁን ይይዝና ጣቱን እየቆጠረ ይጫነዋል፤ አንድ ጣት አንድ ነው፣ መዳፍ ሙሉ አምስት። አፍ የሚያወራው ስለ ዝናብና ስለ ጤና ነው። ዋጋውን የሚያውቁት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ሻጭ ዛሬ ሰማኒያ ብሎ ነገ ለሌላ ሰው ስድሳ ቢል ማንም አይሰማም፣ ማንም አያፍርም። አንዱ ካልተስማማ ለሚቀጥለው ቤቱ ትናንት ለገበያ እንደወጣ ቤት አዲስ ነው።

መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ ፋጡማ ነበረች፣ ቀፊራ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት። ግድግዳውን ነካች፣ የጎርፍ ምልክት አለ ወይ ብላ የበሩን ሥር ዝቅ ብላ አየች፣ ውሃ ጠጣች። ከዚያ አው ዩሱፍ እጇን በፎጣ ያዘ። ስትሄድ እናቴ ጆሮ ላይ «ሃምሳ አምስት ሺህ ብላለች፣ ትንሽ ትጨምራለች» አላት። እናቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። ለሐረሩ ቤት በቅቶ ይተርፋል። «ለግርማ እንንገረውና ይለቅ» አለች።

ግርማ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያለ እሱ ቃል በቤታችን የሚሆን ነገር አልነበረም። የጅቡቲ ዕቃ ይነግዳል፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ሰዓቱ እንዲታይ። ክፉ ሰው አልነበረም። ለእናቴ መድኃኒት ከጅቡቲ የሚያመጣው እሱ ነው። ግን ሰው ፊት መናገር ይወዳል፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ጎረቤታችን ልጁን ዳረ።

ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እኔ ልጄን አዝዬ የእጅ ውሃ እያዞርኩ ነበርና በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አንዱ፣ «ጋሼ ግርማ፣ ቤቱን እየሸጣችሁ ነው አሉ። ስንት አላችሁ?» አለ። በጣት የሚጠየቅ ነገር በአፍ ተጠየቀ። «ገና ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ተነሣ።

«ሰማኒያ ሺህ።» ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። መታየቱ ጣፈጠው መሰለኝ፣ ጨመረበት። «አባቴ በላቡ የሠራው ቤት ነው። ከሰማኒያ አንዲት ሳንቲም ብወርድ ቀሚስ አልብሱኝ።»

ወንዶቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ።

ቤት ስንገባ እናቴ «ምነው ልጄ፣ ሴትዮዋ እኮ ጥሩ ሰጥታለች» አለችው።

«እማማ፣ አንቺ የባቡሩን ሰው ቤት በጨርቅ ነጋዴ ዋጋ ልትሰጪ ነው? ተይ። ሰማኒያ የሚሰጥ ይመጣል።»

«እስኪመጣ እኔስ?»

«ምን ትሆኛለሽ? መድኃኒትሽን አመጣልሽ የለም እንዴ?»

የቤት ዋጋ በአፍ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ያኔ አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው እንደ ጉድ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ግን ሰማኒያውን ከበር ሳይገባ ሰምቶት ነው የሚመጣው፤ እጁን ለመደራደር የሚዘረጋ አልነበረም። አይቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ቀጥሎ ሰው ቀነሰ። ከዚያ ወሬው ተለወጠ። «ሰማኒያ ውድ ነው» ሲባል የነበረው «ቤቱ ምን ነክቶት ነው?» ሆነ። ክስ አለበት አሉ። ጎርፍ ገብቶበታል አሉ። አንዲት ሴት ሌሊት ሌሊት የባቡር ሠራተኛ ሲያፏጭበት ይሰማል አለች፤ አባቴን ማለቷ ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ጣሪያው ያው፣ ግድግዳው ያው። የቆየ ዕቃ ግን ሰው ይጠረጥረዋል፤ ፀሐይ የዋለበትን ዓሣ ማን ይገዛል?

ግርማስ መውረድ አይፈልግም ነበር? ይፈልግ ነበር። በክረምቱ ውስጥ ራሱ ለእኔ «ሃምሳ ቢገኝ እንኳ» ብሎኛል። ግን እንዴት ይውረድ? ከቤት ወጥቶ ማዕዘኑ ሱቅ ጋ ሲደርስ፣ «ጋሼ ግርማ፣ ቀሚሱ ተሰፋ?» ይሉታል። «ወገቡ ስንት ነው? ፋጡማ ጋ ጥሩ ቮይል ገብቷል» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነው። በሰው ፊት የማለ ወንድ ነውና ከመሐላው ጋር ታስሮ ቀረ፣ እናቴም ከእሱ ጋር ታሰረች።

የሐረሩ ሰውዬ አንድ ክረምት ጠበቀ። ከዚያ ሮማኑ ያለበትን ቤት ለሌላ ሸጠ። እናቴ ሁለተኛውን ግንቦት አልተሻገረችም። አክስቴ ቢያንስ አፈሩ የደጋ ይሁንላት ብላ ለምና ሐረር ወስደን ቀበርናት። ቤቱ ከተዝካሯ በኋላ በአርባ ሺህ ተሸጠ። ያኔ ማንም «ቀሚሱስ?» አላለውም፤ ሐዘንተኛ ላይ አይቀለድም። ለመውረድ ፈቃድ ያገኘው በእናቴ ሞት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ወንድሜም አርፏል፣ ነፍሱን ይማር፣ ግን ያናድደኛል። የሞተ ሰው አያናድድም ያለው ማነው?

ይህ ሁሉ በአንዲት «አሁንም» ቀፊራ መሐል ቆሜ መጣብኝ። አው ዩሱፍ ግን የእኔን ፊት አላየም፣ ዓይኑ ደክሟል። ሳቅ አለ።

«ወላሂ ያ የገንደ ቆሬው ቤታችሁ ባለውለታዬ ነው» አለኝ።

«እንዴት? ኮሚሽን እንኳ በወጉ አላገኘህበትም።»

«ከእሱ አይደለም፣ ከሌሎቹ ነዋ። ወንድምሽ ሰማኒያ ብሎ ከማለ በኋላ ደንበኛ ሲመጣልኝ መጀመሪያ እናንተ ጋ አመጣዋለሁ። ሰማኒያ ሲባል ይደነግጣል። ከዚያ ታች ወስጄ ሃምሳ የሚባለውን አሳየዋለሁ፣ ስጦታ ይመስለዋል። ፋጡማ ራሷ ሰማኒያውን ስትሰማ ከእናንተ በታች ያለውን እንዲያ ነው የገዛችው። አቦ፣ ያቺ ቤት ስንት ቤት ሸጠችልኝ!»

ደንበኛ ይመጣል በተባለ ቁጥር እናቴ ከአልጋዋ ትነሣ ነበር። አቧራው እያፈናት በሻሽ አፍንጫዋን ሸፍና ግቢውን ትጠርጋለች። ወንበር ታወጣለች፣ ውሃ ታቀርባለች። ሲሄዱ «ይሄኛው ፊቱ ጥሩ ነው፣ የሚመለስ ይመስለኛል» ትለኛለች። እስከ ማታ ትንፋሿ እየተቆረጠ የምትጠብቀው እነዚያን ሰዎች ነበር። እነሱ ግን ከመጀመሪያውም የመጡት የሌላ ሰው ቤት ርካሽ መስሎ እንዲታያቸው ነው።

«አው ዩሱፍ፣ እናቴ ስትታመም ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«እና?»

ዱላውን አሸዋው ላይ አዞረ። «እና ሥራ ነው ልጄ። ሰማኒያ ያልኩት እኔ ነኝ? ለወንድምሽ ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ ፎጣዬን ይዤ መጥቼ፣ ማንም አይሰማም በጣት እንውረድ ብዬ። በከተማው ሁሉ የተሰማ ዋጋ በፎጣ አይሸፈንም አለኝ። እውነቱን ነበር።» ቀጥሎ፣ «የአንቺንም ስልክ ላይ ሳየው ያ ቤት ነው ትዝ ያለኝ» አለ።

ሽንኩርቱን ሳልገዛ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን በሙሉ የማስበው ቤቴ ስለሚመጡት ሰዎች ነበር። እኔ ቤቴን የምሸጠው ስለጠላሁት አይደለም። ልጄ ሰላም አዳማ ነርስ ናት፣ መንታ ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ሕፃናቱን ለሠራተኛ ትታ ትወጣለች፤ አንዷ ሠራተኛ በር ቆልፋባቸው ሄዳ ጎረቤት ነው ለቅሷቸውን ሰምቶ ያወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ተረኛ በሆነች ሌሊት እኔ እዚህ ሳቢያን ተቀምጬ አልተኛም። ከእሷ አጥር ጋር የተያያዘች አንዲት የምትሸጥ ቤት አለች። ባለቤቷ አሮጊት ናት፣ እስከ መስቀል እጠብቅሻለሁ ብላኛለች። ዮናስ ግን ቤቴን ስልክ ላይ ሲያወጣው የጻፈበትን ዋጋ እዚህ አልደግመውም፣ ሲጠሩት ራሱ አፍ ይሞላል። የስልኩ ደላላ በየቅዳሜው ሰው ያመጣል። ሁሉም ጨዋ ናቸው። ሳሎኑን ያያሉ፣ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ቤት ነው» ይላሉ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ አንዱም ቀንሱልኝ አይልም። ጨዋነታቸውን እወድላቸው ነበር። የማይከራከር ሰው የማይገዛ ሰው መሆኑ እንዴት ጠፋኝ? እኔም እንደ እናቴ ግቢ እየጠረግሁ ስጠብቃቸው ኖሬያለሁ።

ዮናስ ሳሎን ተጋድሞ ኳስ ያያል። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«የቤቱን ዋጋ ከስልኩ ላይ አውርደው።»

«ለምን? ሰው እያየው እኮ ነው። ስንት ሺህ ሰው አይቶታል።»

«የሚያየው ሞላ፣ የሚገዛው የታለ?»

«ትዕግሥት ይፈልጋል። ከኋላችን ያለው ቤት በስንት እንደተጠራ አይተሻል? ከእኛ ይበልጣል።»

«ተሸጠ?»

ሪሞቱን ፍለጋ ሶፋው ላይ ዳበሰ።

«ዮናስ፣ ተሸጠ ወይ?»

«አልተሸጠም። ግን ተጠርቷል።»

«መጥራትማ እኔም ቤተ መንግሥት ነው ብዬ ልጥራው! ማዶ ያለው የመምህሩ ቤት በስንት ሄደ?»

«እሱ በርካሽ ነው የሸጠው። ሰው የሚስቅበት ዋጋ ነው።»

«በስንት ጊዜ ሸጠው?»

«ወር አልሞላውም» አለ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ስለ አያቱ ነገርኩት። የአጎቱን የግርማን መነጽርና ቀልድ ብቻ ነው የሚያውቀው። አያቱ ለእነማን እንደጠረገች ስነግረው እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ ከዚያ ያው ልጄ ነውና፣ «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አለ።

«አጎትህም ለእናቱ ብሎ ነበር።»

«እማ፣ አሁን ብንወርድ ሰዎች ምን ይላሉ? ጓደኞቼ ሁሉ አይተውታል። ችግር ገብቷቸው ነው ይላሉ።»

«ይበሉ። የሚሉት ሰዎች ሰላም ተረኛ ስትሆን ከልጆቿ ጋር አያድሩም።»

ደላላውን ራሴ ደወልኩለት። በመጀመሪያው ሳምንት የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ባልየው አይሱዙ የሚነዳ፣ ሚስቲቱ ቢዮ አዋሌ የምታስተምር። እነሱ ብቻ ነበሩ የተከራከሩት፤ ዮናስ ከበር ነው የመለሳቸው። ጥራልኝ አልኩት። «እትዬ፣ እነሱማ ጎሮ በር ሰፈር ቤት ገዝተው ገብተዋል» አለኝ። ያ የእኔ ገዢ ነበር። ከዚያ፣ «እንግዲያው የምታመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከኋላችን በውድ የተጠራውን ቤት ይይ፣ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ አምጣው። ዋጋውን የምናገረው እኔ ነኝ» አልኩት። «ገባኝ እትዬ» አለ። በደንብ ነው የገባው።

ሰው የመጣው ማክሰኞ ነው፤ አንድ የእህል ነጋዴ ከታላቅ እህቱ ጋር። ዮናስ «የመጨረሻ ዋጋው…» ብሎ ሲጀምር እኔ ቀደምኩትና የቆረጥኩትን ዋጋ ነገርኳቸው። ዮናስ ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ። እህትየው በሩን፣ ጣሪያውን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«እትዬ፣ ስልክ ላይ ያየነው ሌላ ነበር። ቤቱ ነገር አለበት እንዴ?»

ይህን ነበር የፈራሁት። ከፍ ብሎ የተጠራ ዋጋ ሲወርድም ያስጠረጥራል። ዶሴውን አመጣሁ፣ ጣሪያ ላይ ውጡ አልኩ፣ ጎረቤቶቼን ጥሩና ጠይቁ አልኩ፣ ቧንቧውን ከፈትኩላቸው። «ነገር የለበትም። ልጄ ነው በአፉ የሸጠው፣ እኔ ደግሞ በእውነት ልሸጠው ነው» አልኩ። ነጋዴው ሳቀ። እህቱ አልሳቀችም፣ ደግማ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ ትንሽ አስቀነሰችኝ። ባልና ሚስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሰጡኝ ከነበረው ያነሰ ነው የሸጥኩት። ይህን ያጎደለብኝ ያ የስልኩ ዋጋ ነው፤ አልደብቀውም፣ ይቆጨኛል።

ቀብድ እንደተቀበልኩ አዳማ ለሰላም ደወልኩ። «ለሴትዮዋ ንገሪያት፣ ከመስቀል በፊት እገባለሁ» አልኳት። ከኋላዋ መንታዎቹ በአንድ ነገር ሲጣሉ ይሰማል። «እማ፣ ዛሬ ተረኛ ነኝ» አለችኝ፣ «ለሠራተኛዋ ቁልፉን ልስጣት ወይስ ጎረቤት ጋ ልተወው?» ጎረቤት ጋ ተይው አልኳት። ያን ሌሊትም አልተኛሁም።

ዮናስ ከዚያን ቀን ጀምሮ አያናግረኝም። ምሳውን ውጭ ይበላል፣ ሲገባ ሰላም አይለኝም፤ ለጎረቤት «እናቴ ቤታችንን በነጻ ሰጠችው» ብሎ እንዳወራ ሰምቻለሁ። ዕቃዬን ብቻዬን እያሰርኩ ነው። አኩርፎኛል። ያኩርፍ።